ማሽኑ ሦስቴ አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጠኝ፤ ስላይዱ ግን ሌላ ይላል

#1 ላቦራንቷ

ሰላም ለሁላችሁ። በእንስሳት ሕክምና ላብራቶሪ መሥራት ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አዲስ የደም መቁጠሪያ ማሽን ገባልን። ቲዩቡን ታስገቢያለሽ፣ ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ወረቀቱ ይወጣል። "ከእንግዲህ የእጅ ቆጠራ ቀርቷል፣ ቻምበሩን ሣጥን ውስጥ ክተቱት" ተባልን፤ ቻምበር ያው በካሬ የተሰመረው፣ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የሚቆጠርበት መስታወት ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ዓይንን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክሎ ያንን ቆጣሪ ቀጭ ቀጭ ሲያደርጉ መዋል ማን ይወዳል?

ባለፈው ሳምንት ማምከኛ ቀዶ ሕክምና የተያዘላት ድመት ደም መጣ። የምትበላ፣ የምትጫወት፣ ምንም ያልሆነች ድመት። ማሽኑ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ትንሽ ሕዋስ) 38,000 ብቻ አለ። ደነገጥኩና ደገምኩት፤ 41,000። ሦስተኛ ጊዜ፤ 37,000። ሦስቱም ስለተቀራረቡ አምኜ ላክሁት። ሐኪሙ ቀዶውን ሰረዘ፣ የድመቷ ባለቤትም ስታለቅስ ዋለች።

ልቤ ግን አላርፍ አለኝ። ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ከዚያው ቲዩብ ስሚር ሠርቼ (ደሙን ስላይድ ላይ በስሱ ቀብቼ) አቅልሜ አየሁት። በስሚሩ ጭራ በኩል ፕላትሌቶቹ እንደ ንብ መንጋ ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል! አንዱን ክምችት ልቆጥር ሞክሬ ሠላሳ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ።

አሁን ግራ ገብቶኛል። ሦስቴ አንድ ዓይነት የተናገረን ማሽን እንዴት አላምን? ቻምበሩንስ ከሣጥኑ ላውጣው?

#2 አሮጌው_ሌንስ

አይዞሽ ልጄ፣ በዚህ በኩል ያላለፈ የለም። መድገምሽ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን የተበላሸ ሚዛን ላይ አንድን ጆንያ ሦስቴ ብትሰቅዪው ሦስቴም ያንኑ ስሕተት ነው የሚነግርሽ። ቁጥሮቹ መቀራረባቸው ማሽኑ ከራሱ ጋር እንደሚስማማ ያሳያል፤ ከድመቷ ጋር መስማማቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዎላስ ኮልተር የሚባል አሜሪካዊ በ1953 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ዛሬም በብዙ ማሽኖች ሆድ ውስጥ አለ። ደሙ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የጨው ፈሳሽ ይቀጥንና በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሕዋስ ራሱ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ ባለፈ ቁጥር መንገዱን ለቅጽበት ያጠብበዋል፣ ማሽኑም ይህችን መጥበብ እንደ ምልክት ይይዛታል። ትልቅ ሕዋስ ትልቅ ምልክት፣ ትንሽ ሕዋስ ትንሽ ምልክት፤ አለቀ። ማሽኑ ቀለም አያይ፣ ኒውክለስ (የሕዋሱን አስኳል) አያይ። "ከዚህ መጠን በታች ፕላትሌት፣ ከዚህ በላይ ቀይ ሕዋስ" ተብሎ በተሰመረለት መስመር ብቻ ይፈርዳል።

ድመት ላይ ያ መስመር ይፈርሳል። የድመት ቀይ ሕዋስ ትንሽ ነው፤ አማካዩ ከ39 እስከ 55 ፌምቶሊትር (የሕዋስ መጠን መለኪያ)፣ የውሻው ደግሞ ከ60 በላይ ነው። ፕላትሌቷ ግን ግዙፍ ነው፣ አንዳንዱ ቀይ ሕዋሱን ያክላል። ስለዚህ ትልልቆቹ ፕላትሌቶች ከቀይ ሕዋስ ጎራ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው ጣጣ አንቺ ያየሽው ነው። የድመት ፕላትሌት ቁጡ ነው፤ መርፌው ሥሩን ሲፈልግ ከተንገላታ ወይም ደሙ እየተንጠባጠበ ከተቀዳ ወዲያው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ሠላሳው ተጣብቆ ሲያልፍ ማሽኑ አንድ ይለዋል፣ ወይም ጨርሶ ይዘለዋል፣ ክምችቱ ተለቅ ካለም ነጭ ሕዋስ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። እስቲ የዚያችን ድመት የነጭ ሕዋስ ቁጥር መለስ ብለሽ እዪው።

ቻምበሩን አውጪው፣ ግን ለዚህ ጉዳይ አይደለም። የተጣበቀ ደም ቻምበር ላይም የተጣበቀ ነው፣ በእጅ ብትቆጥሪውም ያው ይጎድላል። የጎደለሽ አንድ ስላይድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ውጤቱ ከመሄዱ በፊት።

#3 ላቦራንቷ

ጋሼ፣ አሁን ወረቀቱን አየሁት። ነጭ ሕዋስ 19,800 ይላል! እኔ ደግሞ "በፍርሃት ይሆናል" ብዬ አልፌው ነበር። አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ልብ አልለውም ነበር።

#4 ቁጥር_አፍቃሪ

ጋሼ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። ግን ይህ ክር ወደ "የድሮው ይሻል ነበር" እንዳይዞር ከአሁኑ ልናገር፤ የጥራት ቁጥጥር ሥራዬ ስለሆነ የእጅ ቆጠራን ገበና አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን የአንድ ውሻ ደም ከአንድ ቲዩብ ለአራት ባለሙያ አካፈልኩ። ሁሉም ለዓመታት የቆጠሩ ናቸው። ትልቁ ውጤት ከትንሹ በአንድ ተኩል እጥፍ በለጠ። ማንም አላጭበረበረም። ቁጥሩ ራሱ ነው የሚያወዛውዘው። ነጭ ሕዋሱ 10,000 የሆነ ውሻ ደም በ1 ለ20 ቀጥኖ አራቱ ማዕዘን ካሬዎች ላይ ሲቆጠር በእጅህ የምታገኘው 200 ገደማ ሕዋስ ነው። የ200 ካሬ ሥር 14 ነው፤ በሁለቱም በኩል የሚጠበቀው መወዛወዝ የዚህ እጥፍ፣ 28 ገደማ ነው። ይህ ማለት ፒፔቱም ቻምበሩም ፍጹም ቢሆኑ እንኳ በዕድል ብቻ ቁጥሩ እስከ 14 በመቶ ወዲያና ወዲህ ይላል። ነጭ ሕዋሱ ወደ 3,000 ሲወርድ የምትቆጥረው 60 ብቻ ይሆንና መወዛወዙ 26 በመቶ ይደርሳል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ውሻ መድኃኒቱን ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ማሽኑ በሺዎች ስለሚቆጥር ልዩነቱ ጥቂት በመቶ ነው።

ዲፈረንሻሉም (ነጭ ሕዋሶችን በዓይነት ለይቶ መቁጠሩም) ያው ነው። 100 ነጭ ሕዋስ ቆጥረህ 5 ኢኦሲኖፊል (አንዱ የነጭ ሕዋስ ዓይነት) ካገኘህ እውነተኛው ከ1 እስከ 12 በመቶ የትኛውም ሊሆን ይችላል። ታዲያ ባለፈው ሳምንት 3፣ ዛሬ 7 ሆነ ብሎ "ጨመረ" የሚል ሪፖርት ስንቴ አይተናል?

ስለዚህ ለጤነኛ ውሻ፣ ለጤነኛ ፈረስ፣ ለተለመደው ሥራ ማሽኑ ይቆጥር። እኔ የምለው ይህን ነው።

#5 ዝም_ብዬ_አንባቢ

ከአራቱ ባለሙያዎች አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም 😅 ስቆጥር ስልክ ከተደወለ "127... 127..." እያልኩ ነው የማነሣው።

#6 አሮጌው_ሌንስ

ቁጥር_አፍቃሪ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፣ አልከራከርህም። የእጅ ስሕተት ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ነው፣ ብዙ ብትቆጥር ይጠብብልሃል። የማሽኑ ስሕተት ግን ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ሕዋስ ቢቆጥርም ዝማሜው አይቃናም። አስፈሪነቱም ንጹሕ ሆኖ መታየቱ ነው። የእጅ ቆጣሪ ሲጠራጠር ፊቱ ላይ ይነበባል፣ ማሽን ግን በጥሩ ወረቀት አትሞ ይሰጥሃል።

ደግሞ "የተለመደ ሥራ" ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ውሻ መጣች፣ ብዙ ውኃ ትጠጣለች፣ ደክማለች። የማሽኑ ወረቀት ነጭ ሕዋስ 11,200 አለ፤ ፍጹም ጤነኛ ቁጥር፣ አንድም የማስጠንቀቂያ ምልክት የለው። ወጣት ሐኪሙ "ኢንፌክሽን የለም" ብሎ ሊሸኛት ነበር። ስላይዱን ባየው ያልበሰሉት፣ እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈ ኒውክለስ ያላቸው ባንድ ኒውትሮፊሎች ከበሰሉት በልጠዋል። ሳይቶፕላዝማቸው ሰማያዊና አረፋ የሞላበት፣ አንዳንዱ ላይ ዶህሌ ቦዲ የሚባለው ምልክት እንደ ቀለም ነጠብጣብ ተቀምጧል። ይህ መቅኒው የነበረውን ሁሉ ጠራርጎ እያወጣ፣ የሚወጣውም ወዲያው እያለቀ ነው ማለት ነው። ማሕፀኗ መግል ሞልቶ ነበር፣ ያን ዕለት ማታውኑ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ዳነች። ማሽኑ የዋሸው ነገር የለም፣ 11,200 ነበሩ። ግን እነማን ናቸው የሚለውን አልጠየቁትም፣ እሱም አያውቀውም።

ባቤሲያ፣ አናፕላዝማ፣ ትራይፓኖሶማ፣ ድመት ላይ ደግሞ ሄሞፕላዝማ፣ እነዚህን በደም ውስጥ የሚኖሩ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም የሚነግርህ ስላይዱ ነው። ለሄሞፕላዝማ እንዲያውም ደሙ ትኩስ ሳለ ስሚር ካልሠራህ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ ቲዩቡ ውስጥ የሚጨመረው) ውስጥ ውሎ ሲያድር ተሕዋስያኑ ከቀይ ሕዋሱ ላይ ይራገፋሉ።

ኒውክለስ ያላቸው ቀይ ሕዋሳትም አሉ። ብዙ ማሽን ነጭ ሕዋስ ብሎ ነው የሚቆጥራቸው። ስላይድ ላይ በ100 ነጭ ሕዋስ መካከል 60 ኒውክለስ ያለው ቀይ ሕዋስ ካየህ፣ ማሽኑም 24,000 ካለ፣ 24,000ን በ100 አባዝተህ ለ160 ታካፍላለህ፤ እውነተኛው 15,000 ነው። አንዱ ቁጥር "ከፍተኛ"፣ ሌላው "ደህና" ተብሎ ይጻፋል።

#7 ባለፍየሉ

ድመት ድመት ስትሉ የኔዋን ፍየል ረሳችኋት። የቤት እንስሳትን ቀይ ሕዋስ በመጠን ብትደረድሩ የመጨረሻዋ ፍየል ናት፤ አማካዩ ከ16 እስከ 25 ፌምቶሊትር። እዚያው መጠን አካባቢ የሌላ እንስሳ ፕላትሌት ይገኛል።

እኛ ጋ የነበረው ማሽን ዝርዝሩ ላይ ውሻ፣ ድመት፣ ፈረስ ብቻ ነበረው። ተረኛው ልጅ "ከውሻ ይቀርባል" ብሎ የፍየሏን ደም በውሻ አስኬደው። ወረቀቱ ሲወጣ ቀይ ሕዋስ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፣ ፕላትሌት ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ! በአንድ ጊዜ ደም ማነስም የፕላትሌት ካንሰርም የያዛት ፍየል። ማሽኑ ቀይ ሕዋሶቿን ጠቅልሎ ከፕላትሌት ጎራ አስገብቷቸው ነው።

በቀጭኗ ቱቦ ደሙን አሽከርክሬ ፒሲቪ (ቀይ ሕዋስ ከደሙ የሚይዘውን ድርሻ) ለካሁ፤ 31 በመቶ። ፍጹም ጤነኛ። ሁለት ሳንቲ ደም ሳይሞላ፣ አንዲት ቱቦና አንድ ሴንትሪፉጅ ጉዱን አወጡት። ልብ በሉ ግን፣ የፍየል ሕዋስ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አይጠቀጠቅም። ለውሻ የሚበቃው አምስት ደቂቃ ለፍየል አይበቃም፣ ጨመር ማድረግ ያስፈልጋል። አለዚያ በሕዋሳቱ መካከል ፕላዝማ ይቀርና ፒሲቪው ከእውነቱ በላይ ይነበባል። የእጅ ሥራም የራሱ ወጥመድ አለው ለማለት ነው።

#8 ቁጥር_አፍቃሪ

የፍየሏ ታሪክ ጥሩ ነው፣ ግን ማሽኑን አይደለም የሚከሰው፣ ዝርዝሩ ላይ የሌለውን እንስሳ ያስገባውን ነው 🙂

ለማንኛውም ከወረቀቱ ሳልወጣ ማሽኑን የምፈትንበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የማየው ኤምሲኤችሲን፣ ማለትም በቀይ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የሄሞግሎቢን ክምችት ነው። ቀይ ሕዋስ ሄሞግሎቢን የሚይዝበት ጣሪያ አለው። በውሻ፣ በድመት፣ በፈረስ 32 እስከ 36 አካባቢ ነው የሚያርፈው፤ 40 ወይም 42 ሲል ሕዋሱ በእርግጥ እንደዚያ ሞልቶ ሳይሆን የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ፕላዝማው በስብ ነጥቷል፣ ደሙ ቲዩብ ውስጥ ተሰባብሯል፣ ሃይንዝ ቦዲ (ቀይ ሕዋስ ውስጥ የተበላሸ ሄሞግሎቢን እብጠት) አለ፣ ወይም ቀይ ሕዋሶቹ ተጣብቀዋል። ሲጣበቁ ሁለት ሦስቱ እንደ አንድ ያልፋሉና ቁጥሩ ይወርዳል፣ ኤምሲቪው (የቀይ ሕዋሱ አማካይ መጠን) ይነፋል። ኤምሲቪና ኤምሲኤችሲ አብረው ከፍ ካሉ አንድ ጠብታ ደም ከጨው ፈሳሽ ጋር ስላይድ ላይ ቀላቅሎ ማየት ነው።

ግመል ላይ ግን ይህን ሕግ አትጠቀሙ። ቀይ ሕዋሷ ሞላላና ቀጭን ነው፣ ኤምሲኤችሲዋም ተፈጥሮዋ ሆኖ ከ40 ያልፋል። አንድ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት አንዱን የግመል ናሙና አራት ጊዜ ደገመ።

ደግሞ ማሽን ሁሉ አንድ አይደለም። ጋሼ የገለጹት በኤሌክትሪክ የሚቆጥረውን ነው። እንደ አድቪያ 2120 እና ሲስሜክስ ኤክስቲ-2000አይቪ ያሉት ሌዘር ይጠቀማሉ፤ ሁለተኛው የሚያበራ ቀለምም ስለሚጨምር ትልቁን የድመት ፕላትሌት ከትንሹ ቀይ ሕዋስ በተሻለ ይለየዋል። ይሁንና የተጣበቀውን የሚፈታ ሌዘር የለም። አሁን አሁን የሕዋሱን ፎቶ አንሥተው በሠለጠነ ሶፍትዌር የሚለዩም መጥተዋል፤ ያም ቢሆን መጥፎ ናሙና ካስገባህ የመጥፎ ናሙና ጥሩ ፎቶ ነው የምታገኘው።

#9 ላባና_ጥፍር

የኔ ነገር አጭር ነው፤ እኔ ምርጫ የለኝም። ወፍና ተሳቢ ነው የምሠራው። ቀይ ሕዋሳቸውም፣ የፕላትሌት ሥራ የሚሠራው ትሮምቦሳይታቸውም ኒውክለስ አላቸው። ማሽኑ ነጭ ሕዋስ ለመቁጠር መጀመሪያ ቀዩን ያፈነዳል፤ አጥቢ ላይ ቀዩ ይጠፋና ነጩ ይቀራል፣ ወፍ ላይ ግን ሽፋኑ ሲፈነዳ ኒውክለሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በቀቀን በውሻ ማሽን ቢያልፍ ነጭ ሕዋሱ ሰማይ ይነካል።

የምንጠቀመው ከ1952 ጀምሮ ያለውን የናትና ሄሪክ ፈሳሽ ነው። 1 ለ200 አቅጥኖ፣ ዘጠኙንም ትልልቅ ካሬ ቆጥሮ፣ በድምሩ ላይ 10 በመቶ ጨምሮ፣ በ200 ማባዛት። ፈተናው ሒሳቡ አይደለም። ትንሹ ሊምፎሳይትና ትሮምቦሳይት መንታ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሳይቶፕላዝማው ጥራት ነው፤ ትሮምቦሳይቱ ጥርት ያለ፣ አንዳንዴ ጫፉ ላይ ቀላ ያለ ነጥብ ያለው፣ ሊምፎሳይቱ ሰማያዊ። ቻምበር ላይ ሁሌ አይለይም። ስለዚህ አጠገቤ ሁልጊዜ የተቀለመ ስሚር አለ፤ ቻምበሩን በስሚሩ ነው የማርመው።

#10 የወተት_ናሙና

ደም ደም ብቻ አትበሉ፣ ወተትም ይቆጠራል 🙂 የጡት ሕመምን ለማወቅ የምንቆጥረው ሶማቲክ ሴል (ወተት ውስጥ ያሉ የላሟ ሕዋሳት፣ በተለይ ነጭ ሕዋስ) ነው። ላም ላይ በሚሊ ሊትር ከ200,000 ሲያልፍ ድብቅ የጡት ሕመም እንጠረጥራለን፤ የአውሮፓ ኅብረት ለጥሬ የላም ወተት ያስቀመጠው ጣሪያ 400,000 ነው። የላሙን ማሽን በእርግጥ አምነዋለሁ፤ በቀን በመቶዎች ናሙና በእጅ ማን ይቆጥራል?

ግን ባለፍየሉ እንዳለው፣ ፍየል እዚህም አለች። የፍየል ጡት ወተት ሲያመነጭ የሕዋሱ ጫፍ ተቆርጦ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ወተቷ ውስጥ ነጭ ሕዋስ የሚያካክሉ፣ ኒውክለስ ግን የሌላቸው የሳይቶፕላዝም ቁራጮች ይንሳፈፋሉ። በመጠን ብቻ የሚቆጥር ማሽን እነሱን ሁሉ ሕዋስ ይላቸዋል፤ ጤነኛዋ ፍየል ታማሚ ሆና ትወጣለች። መፍትሔው ዲኤንኤን ብቻ የሚያቀልም ዘዴ ነው። በማሽን ከሆነ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ የሚያበራ ቀለም፣ በማይክሮስኮፕ ከሆነ ሜቲል ግሪንና ፓይሮኒን። ሜቲል ግሪኑ ኒውክለሱን ይይዛል፣ ባዶው ቁራጭ ሮዝ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ሜዳው ሙሉ ሮዝ ነበር፣ አረንጓዴ ያለበት እዚህም እዚያም አንድ አንድ። ከዚያ በፊት የላክኋቸውን የፍየል ውጤቶች አስቤ ላብ አጠመቀኝ።

#11 ባለፍየሉ

ይኸው! የትም ብትሄዱ ፍየሌን አታመልጡም።

#12 ላቦራንቷ

ቻምበሩን አወጣሁት። ለመለማመድ ብዬ የአንድ ጤነኛ ውሻ ደም በቱርክ ፈሳሽ (ቀይ ሕዋሱን በሚያሟሟው) 1 ለ20 አቅጥኜ ቆጠርኩ። ዘጠኙም ካሬ ላይ 412 አገኘሁ። በ50 ሳባዛ 20,600 መጣ። ማሽኑ ግን 9,400 ይላል። ማሽኑን እንዳልከሰው ፈራሁ፣ ራሴንም እንዳልከስ ሦስቴ ቆጥሬያለሁ፤ ሁሌም 400 እና ምናምን ነው። ምን አጠፋሁ?

#13 ቁጥር_አፍቃሪ

አሁን ማሽኑ አንቺ ሆነሻል፤ ሦስቴ ደግመሽ አንድ ዓይነት ስሕተት 🙂

50 ከየት መጣ? አንዱ ትልቅ ካሬ ስፋቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚይዘው 0.1 ማይክሮሊትር። አራቱ ማዕዘኖች 0.4 ይይዛሉ፤ 20 ለ0.4 ሲካፈል 50። አንቺ ግን ዘጠኙን ነው የቆጠርሽው፤ 0.9 ማይክሮሊትር። 20 ለ0.9 ሲካፈል 22.2 ነው። 412 በ22.2 ሲባዛ 9,150 ገደማ። ከማሽኑ 9,400 ጋር ወንድምና እህት ናቸው።

#14 አሮጌው_ሌንስ

ጎበዝ፣ 412 መቁጠርሽ ከ200ው ይሻላል። አሁን እጅሽን እናስተካክል። 20 ማይክሮሊትር ደም ስትወስጂ የፒፔቱን ጫፍ ከውጭ በኩል ጥረጊው፤ እዚያ ላይ የተለጠፈው ደም ሳይታወቅሽ ቁጥሩን ይጨምራል። 380 ማይክሮሊትር ቱርክ ውስጥ ጨምረሽ ቀዩ ሟሙቶ እስኪጠራ ታገሺ። ኮቨር ስሊፑ (የቻምበሩ መክደኛ መስታወት) በደንብ መቀመጡን የምታውቂው ዳርና ዳሩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰሉ ቀለበቶች ሲታዩሽ ነው፤ ካልታዩ ጥልቀቱ 0.1 አይደለም፣ ሒሳቡም ከዚያ ጀምሮ ውሸት ነው። ፈሳሹን ከጠርዙ አስነኪው፣ ራሱ ስቦ ይገባል። ወደ ቦዩ ከፈሰሰ አጥበሽ እንደገና። ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተዪው፣ ሕዋሳቱ ወለል ላይ ይረፉ።

የላይኛውንና የግራውን መስመር የነካ ሕዋስ ይቆጠራል፣ የታችኛውንና የቀኙን የነካ ይተዋል። አንዱ ካሬ 60፣ ጎረቤቱ 25 ከሆነ መቁጠር አቁሚ፤ በደንብ አልተደባለቀም።

#15 ድመት_ሐኪም

እኔ ከሐኪም ወገን ነኝና ልጠይቅ፤ የአከርካሪ ፈሳሽ ስልክላችሁ ማሽን ላይ ነው የምታስገቡት?

#16 አሮጌው_ሌንስ

በፍጹም ዶክተር። ጤነኛ ውሻ በማይክሮሊትር ከ5 ያነሰ ነው ያለው። የማሽኑ ባዶ ፈሳሽ ራሱ ያን ያህል ጫጫታ አለው። ሳናቀጥን ቻምበር ላይ እናደርጋለን፣ ዘጠኙን ካሬ ቆጥረን በ1.1 እናባዛለን። ግን ቶሎ ላኩልን፤ ፕሮቲኑ ትንሽ ስለሆነ ሕዋሱ ይፈርሳል። ከተቀዳ በ30 ደቂቃ፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልደረሰን የምንቆጥረው የተረፈውን ነው።

#17 ድመት_ሐኪም

ኧረ እኔ ከሰዓት በኋላ ካሉት ናሙናዎች ጋር ጠቅልዬ ስልክ ነበር... ይቅርታችሁን። ደግሞ ስለ ፕላትሌት፦ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የሚባለውን የውሻ ዘር ውጤት ስትልኩልኝ "ዝቅተኛ" ብቻ ብላችሁ አታስደንግጡኝ። ዘሩ በተፈጥሮው ቁጥሩ ትንሽ፣ መጠኑ ግን ትልቅ ፕላትሌት ይወርሳል፣ አይደማም። "ትልልቅ ታይተዋል" የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር እንቅልፍ ታስተኛኛለች።

#18 ላቦራንቷ

የመጀመሪያዋን ድመት ነገር ልንገራችሁ። ሐኪሙን ደውዬ ስሕተቴን ነገርኩት፣ አልተቆጣም። ዛሬ ድመቷ ተመልሳ መጣች። ደሙ በአንድ ምት፣ ሳትንገላታ ተቀዳ፤ አንዱ በኢዲቲኤ፣ አንዱ በሲትሬት (ይህም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው)። የሲትሬቱን ወዲያው አስኬድኩት፣ ማሽኑ 171,000 አለ። ስሚሩንም አየሁ፤ ሕዋሳቱ ሳይደራረቡ አንድ ረድፍ ሆነው በተቀመጡበት ቦታ፣ በ100 ኤክስ በዘይት አሥር ፊልድ ቆጠርኩ፣ አማካዩ 11 ፕላትሌት። ነጭ ሕዋሱ ደግሞ አሁን 8,900 ሆነ!

#19 ቁጥር_አፍቃሪ

ሲትሬቱ ፈሳሽ ስለሆነ ደሙን አቅጥኖታል፣ በ1.1 አባዢው፤ 188,000። በፊልድ አንድ ፕላትሌት ከ15,000 እስከ 20,000 ተብሎ ስለሚገመት 11ዱ ከ165,000 እስከ 220,000 ነው። ማሽኑና ዓይንሽ አንድ ቦታ ተገናኙ።

#20 አሮጌው_ሌንስ

ጭራውን አየሽው?

#21 ላቦራንቷ

አየሁት ጋሼ። ሦስት ትንንሽ ክምችቶች አሉ፣ አምስት ስድስት ፕላትሌት የያዙ።

#22 አሮጌው_ሌንስ

እንግዲያው ከ188,000 ፊት "ቢያንስ" የሚል ጨምሪበት።

#23 ላቦራንቷ

"ቢያንስ 188,000፣ ጥቂት ክምችት ታይቷል" ብዬ ልኬዋለሁ። ቀዶው ለነገ ጠዋት ተይዟል።